አናቱ የሚቀላው መስኮት

በእኛ ቤት የመፍራት ሥራ የእኔ ነው። ባሌ ጅቡቲ መስመር ላይ ከባድ መኪና ይነዳል፤ እሱ አይፈራም፣ ስለ እሱ የምፈራው እኔ ነኝ። ልጄም አባቷን ስለወጣች አትፈራም፤ ስለ እሷም የምፈራው እኔው ነኝ። የራሴ ሲጨመርበት የሦስት ሰው ፍርሃት ተሸክሜ ነው ጠዋት ሱቅ የምከፍተው። የማላውቀው ቁጥር ሲደውልልኝ ልቤ ይመታል። ያ አቧራ አዙሮ የሚያነሣው የአዳማ ነፋስ የሱቁን ቆርቆሮ ሲያንኳኳ ብድግ እላለሁ። ልጄ "እማ፣ ነፋስ እኮ ነው፤ አዳማ ነው ያለነው" ትለኛለች። ነፋስ መሆኑን መች አጣሁት። ግን አንድ ቀን ነፋስ ባይሆንስ?

እንግዲህ የኮምፒውተር አስተዳዳሪ የሆነችው እንዲህ ያለችው ሴት ናት።

ሱቄ ከመናኸሪያው ብዙም አትርቅም። ጠባብ ናት፤ ሁለት ደንበኛ ከገባ ሦስተኛው በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ፎቶ ኮፒ አነሣለሁ፣ መታወቂያ ላሚኔት አደርጋለሁ፣ በአማርኛም በኦሮምኛም ማመልከቻ እጽፋለሁ። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። መጻፍ ግን እወዳለሁ፤ ቀስ ይበል እንጂ ስሕተት አይወጣብኝም። ቁልፎቹን አንድ በአንድ እየፈለግሁ ስጫን ልጄ "ጥሬ የምትለቅም ዶሮ ትመስያለሽ" እያለች ትስቅብኛለች። ትሳቅ። በዚያ ለቀማ ነው ኮሌጅ የጨረሰችው።

ችግራችን ቫይረስ ነበር። ደንበኛው ሁሉ ፍላሹን ይዞ ይመጣል፣ ከፍላሹ ጋር ቫይረሱን። ማታ ጽፌ ያስቀመጥኩት ጠዋት ስከፍተው ስሙ ብቻ አለ፣ ውስጡ ባዶ። ጓሯችን ያለችውን ክፍል የተከራየ ልጅ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ በኮምፒውተር ጥገና ይሠራል። አንድ እሑድ መጥቶ ማሽኑን አየና ራሱን ነቀነቀ።

"ማዘር፣ ይሄን አጥፍተን ሊኑክስ እንጫንበት።"

"ምንድን ነው ደግሞ እሱ?"

"እንደ ዊንዶውስ ያለ ነው። ይሄ የለመዱት ቫይረስ አይዘውም። በዚያ ላይ ነፃ ነው።"

"ነፃ ከሆነማ አንድ ነገር አለበት" አልኩ። ምንም አልነበረበትም። ወይም የነበረበት ነገር እኔ ላይ ነው የወደቀው።

ጭኖ ሲጨርስ እንዲህ አለኝ። "ማሽኑ ሁለት ሰው ያውቃል። አንዱ የሱቁ ሰው ነው፤ እርስዎም ልጅዎም ደንበኛም የሚጠቀምበት። እሱ ይጽፋል፣ ያትማል፣ ኢንተርኔት ይከፍታል፤ የማሽኑን አንጀት ግን መንካት አይችልም። አንጀቱን የሚነካው አስተዳዳሪው ብቻ ነው፤ የራሱ ፓስወርድ አለው።"

"አስተዳዳሪው ማን ነው ታዲያ? አንተ ነህ?"

"እኔ ነገ ቤት ብለቅስ? እርስዎ ነዎታ።"

ሳቄ መጣ። በዕድሜዬ የእድር ምክትል ሰብሳቢ እንኳ ተብዬ አላውቅም።

ፓስወርዱን ብቻዬን ሆኜ አወጣሁ። ምን እንደሆነ እዚህም አልጽፈውም። መጀመሪያ ለሥራ የተጠቀምኩበት አንድ ጎረምሳ ሱቄ ውስጥ ቁጭ ብሎ የነውር ገጽ የከፈተ ቀን ነው። ልጁን አባረርኩና ማታ ተከራዬን "አንድን ገጽ እዚህ ማሽን ላይ ጨርሶ እንዳይከፈት ማድረግ ይቻላል?" አልኩት። ይቻላል አለ። የሲስተሙ ፋይሎች ያሉበት ፎልደር ውስጥ አስገባኝ። እዚያ ሆስትስ የሚባል ትንሽ ፋይል አለ። እንዲሁ ቢከፍቱት ይነበባል፤ ጽፈው ላስቀምጥ ቢሉ ግን "ፈቃድ የለዎትም" ይላል። ስለዚህ በማውሱ ቀኝ ይጫኑና እንደ አስተዳዳሪ ክፈት የሚለውን ይመርጣሉ። ፓስወርድ ይጠይቃል። ሲሰጡት ያው መስኮት ተመልሶ ይመጣል፤ አሁን ግን አናቱ ላይ ዳር እስከ ዳር ቀልቶ።

ደነገጥኩ። "ምን አጠፋሁ?"

"ምንም አላጠፉም። ቀዩ ተጠንቀቁ ማለት ነው። አሁን ማሽኑ ያሉትን ሁሉ ይሰማል። ጥፋ ቢሉትም ይጠፋል።"

"ታዲያ እንዲህ ያለውን ነገር ለእኔ ትሰጣለህ እንዴ!"

"ከእርስዎ የበለጠ የሚፈራ ሰው ስለማላውቅ እኮ ነው ማዘር።"

አሠራሩ ቀላል ነው። ከላይ ያሉትን መስመሮች አይነኩም። ከሁሉም በታች የማሽኑ የራሱ አድራሻ የሆነውን ቁጥር ይጽፋሉ፣ ክፍተት ይተዋሉ፣ የገጹን ስም ይጽፋሉ፣ ያስቀምጣሉ፣ ቀዩን መስኮት ይዘጋሉ። በቃ። ከዚያ በኋላ ያንን ገጽ የጠየቀን ሰው ማሽኑ አዙሮ ወደ ራሱ በር ይመልሰዋል። ልክ ሰፈር የማያውቅ እንግዳ አድራሻ ሲጠይቅ ባጃጁ አዙሮ እዚያው መናኸሪያው እንደሚያወርደው።

እየለቀምኩ የነውሩን ገጽ ዘጋሁ። እንቅልፌን ደህና አድርጌ ተኛሁ። እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ። ስፈራ ኖሬ ኖሬ፣ ፍርሃቴን የማስቀምጥበት ቦታ አገኘሁ።

ከዚያ ወዲያ ማን ያቁመኝ። ሱቄ በር ላይ ቲማቲምና ሽንኩርት የምትሸጥ ጓደኛዬ አለች፤ የአርሲ ነገሌ ሰው ናት፣ ወሬ ከእሷ አያልፍም። "የእገሊት ልጅ በዚህ ገጽ ቁማር ለምዶ ነው የተበላሸው" ስትለኝ ገብቼ እዘጋለሁ። "እዚህ ገጽ ላይ ሰው ይጭበረበራል" ስትለኝ ገብቼ እዘጋለሁ። ማንም አልጠረጠረኝም። አንድ ገጽ አልከፍት ሲል የአዳማ ሰው "ኔትወርክ ነው" ብሎ ያልፋል። "ኔትወርክ አስቸገረ ዛሬ" ይለኛል ደንበኛው። "አዎ፣ አስቸገረ" እላለሁ።

አሁን ወደ ልጄ ልምጣ። የሆቴል ሥራ ተምራ ከተመረቀች ቆይታለች። ሥራ አልተገኘም። ቤት ውስጥ ትዞራለች፣ ሱቅ ትረዳኛለች፣ ስልኳን ታያለች። አንድ ከሰዓት በኋላ ሱቁ ኮምፒውተር ላይ ተቀምጣ ሳለ ከኋላዋ መጣሁና ስክሪኑን አየሁ። ባሕር ነው። እንደ ሰማይ ሰማያዊ የሆነ ውኃ፣ ነጭ አሸዋ፣ የሣር ጃንጥላ፣ ባርኔጣ ያደረገች ፈረንጅ ተጋድማ። ጽሑፉ ሁሉ እንግሊዝኛ። ልጄ አገጯን በመዳፏ ደግፋ ፈዝዛ ታየዋለች።

ባሕር ካለ ዓረብ አገር ነው። ታናሽ እህቴ ቤሩት ከሄደች ወዲህ በስልክ ላይ ብቻ ነው ያረጀችብኝ። ድምጿ ሲጎረንን ሰማሁ፤ ፀጉሯ ሲሸብት ግን አላየሁም። አሁን ደግሞ ልጄ?

ከላይ የተጻፈውን የገጹን ስም በስክሪብቶ መዳፌ ላይ ፊደል በፊደል ገለበጥኩት። ልጄ ወረቀት ልትገዛ ስትወጣ ቀዩን መስኮት ከፈትኩና ባሕሩን ዘጋሁት።

ለካ እሷ የጀመረችውን በስልኳ ስትጨርስ ነበር። እኔ ምን አውቄ።

ከሳምንታት በኋላ አንድ ጠዋት ልጄ የምረቃ ቀን የለበሰችውን ሸሚዝ ለብሳ ሱቅ መጣች። "እማ፣ ዛሬ ማሽኑን ለማንም እንዳትሰጪ። አራት ሰዓት ላይ የሥራ ፈተና አለብኝ፤ በኢንተርኔት ነው።"

"የምን ሥራ? የት?"

"ካለፍኩ እነግርሻለሁ። አፍ እንዳይገባበት።"

ይህንን ያስተማርኳት ራሴ ነኝ። ያልጨረስሽውን ነገር ለሰው አታውሪ፣ ዓይንም አፍም አለ፣ እያልኩ ነው ያሳደግኋት። ስለዚህ አልገፋሁባትም። ለእድሩ በአማርኛ እጽፍ የነበረውን ማስታወቂያ ቶሎ ጨርሼ ወንበሩን ለቀቅሁላት።

ሰዓቱ ደረሰ። ገጹ አልከፈተም። ደግማ ሞከረች። አልከፈተም።

"ኔትወርክ!" አለች ልጄ።

"ኔትወርክ ነው" አለች ቲማቲም ሻጯ ከበር ላይ። "እኔም ከጠዋት ጀምሮ ስልክ ስሞክር ነበር።"

"ከመናኸሪያው ማዶ ያለው ኢንተርኔት ቤትስ?" አልኩ።

"መብራት የላቸውም፤ አሁን ነው ያለፍኩት።" ልጄ ስልኳን አውጥታ ሞከረች። በስልኳ ወዲያው ከፈተ! ከፈተና ግን በእንግሊዝኛ አንድ ነገር ጻፈባት። ጮክ ብላ ተረጎመችልን፦ ፈተናው በኮምፒውተር ብቻ ነው፣ ግማሽ ሰዓት ዘግይቶ የመጣ አይገባም።

ስልኩን እንዳይ ወደ እኔ አዞረችው። ከጽሑፉ በላይ ሰማያዊ ውኃ አለ። ነጭ አሸዋ። የሣር ጃንጥላ።

ያቺ ባርኔጣ ያደረገች ፈረንጅ አሁንም እንደተጋደመች ናት።

ነገሩ ገባኝ። ሌላ ማንም አልገባውም። ዝም ብል ኔትወርክ ይሆናል። ግማሽ ሰዓት ዝም ማለት ነው፤ ልጄ ታለቅሳለች፣ ምሳ እሠራላታለሁ፣ ይረሳል። ልጄ ቤቷ ትቀርልኛለች። ማንም፣ እሷም ራሷ፣ አታውቅም። ይህንን ሁሉ ቆሜ አሰብኩት።

ከዚያ እጇን አየሁ። ማውሱ ላይ ያለው እጇ ይንቀጠቀጣል። ያቺ ስትወለድ እንኳ በቅጡ ያላለቀሰች ልጅ፣ በመብረቅ የምትስቅ ልጅ፣ ፈርታለች። በእኛ ቤት መፍራት የእኔ ሥራ ነው። እሷ ላይ ሳየው ልብስ እንደተሳሳተች ሆነብኝ፤ የእኔን ጋቢ ለብሳ የቆመች መሰለኝ።

"ተነሺ ከዚያ" አልኳት።

"ምን ልታደርጊ ነው?"

"አስተዳዳሪው እኔ ነኝ። ተነሺ!"

ተቀመጥኩ። ፎልደሩ ውስጥ ገባሁ፣ ቀኝ ተጫንኩ፣ እንደ አስተዳዳሪ ክፈት። ፓስወርድ ጠየቀኝ። እየለቀምኩ ጻፍኩ፤ ነጠብጣቦቹ ተደረደሩ። ስሕተት ነው አለኝ። ደግሜ ጻፍኩ። ስሕተት። ልጄ ከኋላዬ "እማ፣ ሰዓቱ!" ትላለች። ቲማቲም ሻጯ ሚዛኗን ጥላ ገብታለች፤ "ማል ታኤ? ምን ሆናችሁ?" ትላለች። እኔ ደግሞ በላብ ተጠምቄ፣ ማሽኑ ታዘበኝ፣ ሥራዬን አውቆ ነው የከለከለኝ እላለሁ በሆዴ።

ዓይኔን ጨፍኜ ገለጥኩ። ከስክሪኑ ጥግ ላይ ትንሽዬ ምልክት አለች፤ ኪቦርዱ አማርኛ ላይ መሆኑን የምትናገር። ለካ የእድሩን ማስታወቂያ ከጻፍኩ ወዲህ አልመለስኩትም! ነጠብጣብ ሁሉ ይመሳሰላል፤ ከሥሩ ግዕዝ ይሁን ላቲን በምን ይታወቃል? ወደ እንግሊዝኛ መለስኩት፣ እንደገና ለቀምኩ። መስኮቱ መጣ፤ አናቱ ቀልቶ። እንዲያ ወድጄው አላውቅም።

ፋይሉን ስከፍተው የዘጋኋቸው ሁሉ ተሰልፈው ቁጭ ብለዋል። ልጄ በትከሻዬ ላይ ጎንበስ ብላ ታነባለች።

"እማ... ይሄ ሁሉ ምንድን ነው?"

"ኋላ ትጮሂብኛለሽ።"

"የኬክ አሠራር ገጽ ጭምር?"

"ምድጃ ላይ ረስተሽ ድስት ያቃጠልሽ ጊዜ ነው። ኋላ አልኩሽ!"

ቲማቲም ሻጯም አንገቷን አስገባች። ማንበብ ብዙም አይሆንላትም፤ ግን የምትወደውን የቱርክ ድራማ የሚያሳየውን ገጽ ስም በዓይኗ ታውቀዋለች። ጣቷን ወደ ስክሪኑ ቀሰረች። "ይሄ... ይሄ የእኔ ድራማ አይደለም? አንቺ ሴት! ስንት ጊዜ ኔትወርክ የለም እያልሽ ስትመልሽኝ!"

"ወንበሬን ከምሳ እስከ ማታ ይዘሽብኝ ምን ላድርግ?"

"ያ ረቢ! ወላሂ ኔትወርኩን ስረግም ነበር እኮ! ሥራ አስኪያጁን ሳይቀር ረግሜያለሁ!"

የባሕሩን መስመር አገኘሁት። ከዳር እስከ ዳር አጠፋሁት፣ አስቀመጥኩ፣ ቀዩን ዘጋሁ። ልጄ ገጹን ሞከረች። አልከፈተም።

በቃ፣ ማሽኑን ገደልኩት አልኩ። ስልኬን አንሥቼ ተከራዬ ጋ ደወልኩ። ከጀርባው የማሽን ጩኸት ይሰማል፤ እኔም እጮሃለሁ። "ከፋይሉ አጥፍቼዋለሁ! አልከፍትም ይላል!"

"አስቀምጠዋል?"

"አስቀምጫለሁ!"

"ኢንተርኔት የሚያዩበትን ፕሮግራም ሙሉ በሙሉ ዘግተው እንደገና ይክፈቱት። የድሮውን ይዞ ነው።"

ልጄ ዘጋችው፣ ከፈተችው። ሰማያዊው ውኃ ስክሪኑን ሞላው። ልጄ "እሰይ!" ብላ ወንበሩ ላይ ወደቀች። ከተፈቀደው ጊዜ ትንሽ ብቻ ቀርቶ ነበር።

እኔና ቲማቲም ሻጯ ወጥተን በሩን ገርበብ አደረግን። ደንበኛ ሲመጣ "ፈተና ላይ ነን" እያልኩ እመልሳለሁ። ሣጥኗ ላይ ተቀመጥኩ።

"ወዴት ነው የምትሄደው?" አለችኝ።

"ዓረብ አገር ነዋ፤ ዱባይ ይሆናል። ባሕሩን አላየሽውም?"

"አውቀሽ ነው የከፈትሽላት?"

"አውቄ ነው።"

ከቲማቲሙ ውስጥ ያልፈረጠውን መርጣ በቀሚሷ ጠረገችና ሰጠችኝ። እንደ ፖም ገመጥኩት። ነፋሱ አቧራ ያዞራል፤ ቆርቆሮው ይንኳኳል። ያን ቀን አልተነሣሁለትም።

ልጄ ጨርሳ ስትወጣ ፊቷ ቀልቷል። "ጥሩ ነበር" አለች።

"እሺ፣ አሁን ንገሪኝ። የትኛው አገር ነው?"

"እማ፣ አፍ እንዳይገባበት አልኩሽ እኮ።"

"ልጄ፣ የዘጋሁት እኔ፣ የከፈትኩት እኔ። ከዚህ በላይ ምን አፍ አለ?"

ሳቀች። "ላንጋኖ ነው" አለች።

"የቱ ላንጋኖ?"

"ስንት ላንጋኖ አለ? ይሄው ከባቱ አለፍ ብሎ ያለው! አዲስ ሎጅ ተከፍቶ እንግዳ ተቀባይ ይፈልጋሉ።"

"ላንጋኖ ውኃው ቡናማ ነው! ሻይ በወተት ነው የሚመስለው! እኔ ያየሁት ሰማያዊ ነው!"

"ፎቶው ላይ ቀለም ጨምረውበት ነዋ እማ! ፈረንጅ ሻይ በወተት ውስጥ ዋኝ ቢሉት ይመጣል?"

ቲማቲም ሻጯ ሽንኩርቷ ላይ ተደፍታ ሳቀች። የአርሲ ነገሌ ሰው መሆኗን ነግሬያችኋለሁ። "አገሬ ልገባ ስል በመኪና መስኮት የማየውን ውኃ ዱባይ አልሽው? ከብቶቻችን የሚጠጡትን?" እያለች እንባዋን በሻሿ ትጠርጋለች። ለሚያልፈው ሰው ሁሉ ነገረችው። እስከ ማታ መናኸሪያው አካባቢ ያልሰማ አልነበረም፤ አንድ ረዳት ደግሞ ከሚኒባሱ ላይ ተንጠልጥሎ "ዱባይ በባቱ! ዱባይ በባቱ! እናቴ፣ አትገቢም?" አለኝ። ሳቅሁ። ምን አደርጋለሁ።

አለፈች። በወሩ ሥራ ጀመረች። ለመጀመሪያ ጊዜ ልጠይቃት ስሄድ ያው ረዳት ያለበት ሚኒባስ ላይ ገባሁ፤ ሞጆን፣ መቂን፣ ባቱን እያለፍን ስንሄድ ልጄን የሚወስድብኝን መንገድ ስንት ጊዜ ስፈራ እንደኖርኩ አሰብኩ። ልጄ በሎጁ ዩኒፎርም ሆና በር ላይ ጠበቀችኝ። የሣር ጃንጥላው አለ። አሸዋው ግን ነጭ አይደለም። ውኃውም ያው የማውቀው ሻይ በወተት ነው። እግሬን ነከርኩበት፤ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም፤ ባሳሳተኝ ፎቶ ላይ የነበረኝን ቂም ሁሉ ተውኩት።

ከፋይሉ ውስጥ ብዙውን አጥፍቻለሁ። የነውሩና የቁማሩ ብቻ ቀርቷል። የኬኩ ተከፍቷል። የቱርኩ ድራማም ተከፍቷል፤ ቲማቲም ሻጯ ወንበሬን መልሳ ወርሳብኛለች፣ ዕዳዬ ነው። ልጄ ወደ ሥራዋ ከመሄዷ በፊት ተከራዬ "አሁን ከለመዱት ፓስወርዱን ለልጅዎም እንስጣት?" ቢለኝ፣ ልጄ ራሷ "አይሆንም፣ እማ ትያዘው" አለች። ዛሬም አናቱ ሲቀላ እፈራለሁ።

በቀደም ልጄ ከላንጋኖ ደወለች። እንግዳ መቀበያው ላይ ያለው ኮምፒውተር አንድ ገጽ አልከፍት ብሏት ሠራተኛው ሁሉ "ኔትወርክ ነው" ይላታል። ከጀርባዋ ሳቅ ይሰማኛል፤ ነገሩን ነግራቸዋለች ማለት ነው።

"እማ" አለችኝ፣ "እውነቱን ንገሪኝ፤ ባለፈው ስትመጪ ይሄን ማሽን ነክተሽ ነበር?"